ከኋላ ያሉት ስፒከሮች ለምን ዝም አሉ?

ሪሲቨር ስል የዲሹን ማለቴ አይደለም። እኛ አገር ቃሉ ሲነሳ ቀድሞ ትዝ የሚለው እሱ ስለሆነ ከወዲሁ ልለየው ብዬ ነው። እዚህ የማወራው አምስትና ከዚያ በላይ ስፒከር ስለሚያንቀሳቅሰው፣ ብዙዎቻችን ሆም ቲያትር ወይም አምፕሊፋየር ስለምንለው ዕቃ ነው።

ይህን ዕቃ የገዛ ሰው ስፒከሮቹን ቦታ ቦታቸው ያስቀምጣል። ገመዱን ምንጣፍ ስር ይደብቃል። ከጓደኛው በሃርድ ዲስክ የቀዳውን ፊልም ይከፍታል። ሄሊኮፕተሩ ከፊት ወደ ኋላ ሊያልፍ ሲል ግን ድምፁ እዚያው ፊት ለፊት ይቀራል። የኋላዎቹ ዝም። ያኔ እጃችን ወዲያው ወደ ገመዱ ይሄዳል። እባካችሁ ገመዱን ለጊዜው ተዉት። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ሪሲቨሩ ስክሪን ላይ ተጽፏል።

ስፒከሩ ነው ወይስ የሚመጣው ድምፅ?

ይህን ለመለየት ሪሲቨሩ ሴቲንግ ውስጥ «ቴስት ቶን» የሚል ፈልጉ። ከስፒከር ወደ ስፒከር እየዞረ ሹሹታ ያሰማል። ከሁሉም ከተሰማ ስፒከሮቹም ገመዱም ደህና ናቸው። አንዱ ዝም ካለ ያን ጊዜ የዚያን ስፒከር ገመድ ከሁለቱም ጫፍ ፈትሹ።

ወንድሜ ቤት አንድ ሙሉ ቅዳሜ ምንጣፍ ገልብጠን የኋላውን ገመድ ቀይረናል። አዲሱም ዝም አለ። ቴስት ቶኑን የከፈትነው ማታ ላይ ነው። ሁሉም ስፒከር ሠራ። ጥፋቱ ቲቪው ሴቲንግ ውስጥ ነበር፤ ለማስተካከል ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ሪሲቨሩን ገና ሶኬት ላይ ካልሰካችሁት አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ከሆነ ጀርባውን አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ላይ በቀጥታ ከሰካችሁት ይቃጠላል። ወደ 120 የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ትራንስፎርመሩም ሪሲቨሩ ላይ ከተጻፈው ዋት በላይ የሚሸከም ይሁን።

ስክሪኑ ላይ «ፒሲኤም» ወይም «ስቴሪዮ» ይላል

ትልቁ ችግር ይህ ነው። መጀመሪያ አሠራሩን እንረዳ። ፊልሙ ውስጥ ያለው የሰራውንድ ድምፅ፣ ማለትም ከፊትም ከኋላም የሚመጣው፣ ታሽጎ ነው የሚቀመጠው። በመንገዱ ላይ አንዱ ዕቃ ሊፈታው ይገባል። ወይ ፊልሙን የሚያጫውተው ይፈታዋል፣ ወይ እንደታሸገ ለሪሲቨሩ ይደርሰውና ሪሲቨሩ ይፈታዋል።

ስክሪኑ ላይ «ዶልቢ ዲጂታል» ወይም «ዲቲኤስ» የሚሉትን የማሸጊያ ዓይነቶች ካያችሁ ሪሲቨሩ ራሱ እየፈታው ነው። «መልቲ ቻናል» ካለ ደግሞ አጫዋቹ ፈትቶ ሁሉንም ቻናል፣ ማለትም የየስፒከሩን ድምፅ፣ ልኮለታል። ሁለቱም ደህና ናቸው። «ፒሲኤም» (የተፈታ ድምፅ ማለት ነው) ብቻውን ወይም «ስቴሪዮ» ካለ ግን ወደ ሪሲቨሩ የገባው ሁለት ቻናል ብቻ ነው። 5.1 የሚባለው ሰራውንድ ግን ስድስት ቻናል ነው፤ አምስት ስፒከርና አንድ የባስ ስፒከር። አራቱ የት ቀሩ? ሦስት ቦታ እንፈልጋቸው።

አንደኛ፣ ፋይሉ ውስጥ። ከመጀመሪያውም ላይኖሩ ይችላሉ። የፋይሉ ስም ላይ 5.1 ተጽፎ ውስጡ ሁለት ቻናል የሆነ ፊልም አጋጥሞኛል። ቪኤልሲ ላይ ፊልሙ እየሄደ ኮንትሮልንና ጄን አብራችሁ ተጫኑ። ኦዲዮ በሚለው ስር የቻናሉን ብዛት ያሳያችኋል። ሚዲያኢንፎ የሚባለው ነፃ ፕሮግራምም የበለጠ ዘርዝሮ ይነግራችኋል። በቪሲዲ የወጡት የድሮ የአማርኛ ፊልሞች ሁለት ቻናል ናቸው። እነሱን ስታዩ ሪሲቨሩን «ፕሮ ሎጂክ» ወይም «ዶልቢ ሰራውንድ» ላይ አድርጉት። በግራም በቀኝም እኩል የተቀዳውን ድምፅ፣ ማለትም ንግግሩን፣ ወደ መሃል ስፒከር ይስብላችኋል። እኔ የድሮ ፊልም ሁልጊዜ የማየው እንዲህ አድርጌ ነው። ተዋናዩ ከቲቪው ውስጥ የሚናገር ይመስላል።

ሁለተኛ፣ አጫዋቹ ላይ። ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ከሪሲቨሩ ጋር አገናኝታችሁ ከሆነ፣ ዊንዶውስ ሪሲቨሩን እንደ ሁለት ስፒከር ቆጥሮት ሊሆን ይችላል። የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ «ፕሌይባክ» ከሚለው ስር ሪሲቨሩን ምረጡና «ኮንፊገር» ብላችሁ 5.1 አድርጉት። ሪሲቨሩ በዝርዝሩ ውስጥ ካልታየ ሪሲቨሩ መከፈቱን አረጋግጡ፤ ገመዱንም ነቅላችሁ መልሱት። ኮዲ የሚባለውን የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ የሴቲንጉን ደረጃ «ኤክስፐርት» ላይ አድርጉ። ያለዚያ የምትፈልጉት ነገር ተደብቆ ይቀራል። ከዚያ ኦዲዮ ውስጥ «አላው ፓስስሩ» (ድምፁን እንደታሸገ አሳልፍ ማለት ነው) የሚለውን አብሩ። ከሥሩ ከሚዘረዘሩት ውስጥ ሪሲቨራችሁ የሚያውቃቸውን ብቻ ምረጡ። ፓስስሩ ከበራ በኋላ የኮምፒውተሩ ድምፅ መጨመሪያ አይሠራም። አትደንግጡ፤ ድምፁ እንደታሸገ ስለሚያልፍ ነው። በሪሲቨሩ ሪሞት ጨምሩ።

ሦስተኛው ቦታ ቲቪው ነው። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። ፍላሹን ቲቪው ላይ ሰክታችሁ ድምፁን ከቲቪው ወደ ሪሲቨሩ የምትወስዱ ከሆነ መንገዱ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ማወቅ አለባችሁ። ያ ቀጭን፣ ጫፉ ላይ ቀይ ብርሃን የሚታይበት ኦፕቲካል ገመድ፣ የተፈታ ድምፅ ከሆነ ሁለት ቻናል ብቻ ነው የሚያሳልፈው። የታሸገ ከሆነ ግን ዶልቢ ዲጂታልና ተራው ዲቲኤስ 5.1 ሆነው ያልፋሉ። ስለዚህ ቲቪው ድምፁን ራሱ ፈትቶ ከላከ ሰራውንዱ እዚያው አለቀ። ወንድሜ ቤት የሆነው ይህ ነው። የቲቪውን የድምፅ ሴቲንግ ክፈቱ። «ዲጂታል ኦዲዮ አውትፑት» የሚለውን ከ«ፒሲኤም» ወደ «አውቶ»፣ «ቢትስትሪም» ወይም «ፓስስሩ» ቀይሩት። ስሙ ከቲቪ ቲቪ ይለያያል።

ድምፁን ከቲቪው የምትወስዱት በኤችዲኤምአይ ከሆነ ደግሞ «ኤአርሲ» (ARC) የሚል የተጻፈበት ቀዳዳ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ከሪሲቨሩም በኩል እንደዚያው። ኤአርሲ ዶልቢ ዲጂታል ፕላስንም ያሳልፋል። ከብሉሬይ የተወሰዱት ትልልቅ ፋይሎች ውስጥ ያሉት ትሩኤችዲና ዲቲኤስ-ኤችዲ ግን አያልፉበትም። ለእነሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ከኤችዲኤምአይ 2.1 ጋር የመጣው የተሻሻለው ኤአርሲ፣ ኢ-ኤአርሲ (eARC)፣ ያስፈልጋል።

የእኔን ምክር ከጠየቃችሁኝ፣ ሪሲቨሩ ኤችዲኤምአይ መግቢያ ካለው ቲቪውን ከድምፁ መንገድ አውጡት። አጫዋቹን በቀጥታ ሪሲቨሩ ላይ ሰኩ፤ ከሪሲቨሩ ወደ ቲቪ ምስሉ ብቻ ይሂድ። ግማሹ ጣጣ በዚህ ይቀራል። ሪሲቨሩ አሮጌ ሆኖ ኦፕቲካል ብቻ ካለውም አትዘኑ። በሰከንድ 640 ኪሎቢት የሆነ ዶልቢ ዲጂታል ሳሎን ውስጥ በጣም ደስ ይላል።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። መጠናቸው ትንሽ የሆኑ ፋይሎች ውስጥ ድምፁ ብዙ ጊዜ ኤኤሲ በሚባል ሌላ ዓይነት የታሸገ ነው። ኤኤሲ 5.1 ቢሆንም አጫዋቹ ፈትቶት በኦፕቲካል ሲልከው ወደ ሁለት ይወርዳል። ኮዲ ላይ የቻናሉን ብዛት 2.0 አድርጋችሁ ፓስስሩን ስታበሩ «ዶልቢ ዲጂታል ትራንስኮዲንግ» የሚል ይመጣል። እሱን አብሩት። ኮዲ ድምፁን እዚያው ወደ ዶልቢ ዲጂታል ቀይሮ ይልከዋል።

ምስል አለ፣ ድምፅ ጭራሽ የለም

ፋይሉን በሚዲያኢንፎ እዩት። ብዙ ጊዜ ዲቲኤስ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ባወጣቸው ቲቪዎች ዲቲኤስን ትቷል። ኤልጂም በ2020 ትቶት በ2023 በአንዳንድ ሞዴሎቹ መልሶታል። ስለዚህ ፋይሉም ፍላሹም አልተበላሹም። ፋይሉ ውስጥ ሌላ የድምፅ ትራክ ካለ በሪሞቱ ቀይሩ። ከሌለ ከላይ እንዳልኩት በቲቪው ሳይሆን በላፕቶፕ ወይም በሌላ አጫዋች ወደ ሪሲቨሩ ውሰዱት። የግድ በቲቪው ማየት ካለባችሁ ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው ፕሮግራም ምስሉን እንዳለ ኮፒ አድርጋችሁ ድምፁን ብቻ ወደ ዶልቢ ዲጂታል ቀይሩት። ምስሉ ስለማይነካ ጥራቱ አይቀንስም፤ ቶሎም ያልቃል። ሃንድብሬክ የሚባለው ፕሮግራም ግን ምስሉንም እንደ አዲስ ስለሚሠራው ሰዓታት ሊወስድባችሁ ይችላል።

ኃይለኛ ሹሹታ ብቻ ይሰማል

ቶሎ ድምፁን ቀንሱ፤ ስፒከር ሊጎዳ ይችላል። የታሸገው ድምፅ የማይፈታው ዕቃ ጋ ደርሶ እንደ ተራ ድምፅ እየተጫወተ ነው። አጫዋቹ ላይ ፓስስሩን፣ ወይም ዲቲኤስን ብቻ ለይታችሁ አጥፉ።

ሙዚቃውና ፍንዳታው ይጮኻል፣ ንግግሩ አይሰማም

ይህ በተለይ ልጅ ተኝቶ ፊልም የሚያይ ሰው ያማርረዋል። በ5.1 ፊልም ንግግሩ በአብዛኛው የሚመጣው ከመሃል ስፒከር ነው። መሃል ስፒከር ሳይኖራችሁ ሪሲቨሩ «አለ» ብሎ ከያዘ ንግግሩን ወደሌለ ስፒከር እየላከው ነው። «ስፒከር ሴትአፕ» ውስጥ «ሴንተር» የሚለውን «None» (የለም) አድርጉት። ንግግሩ ለግራና ለቀኙ ይከፋፈላል። መሃል ስፒከሩ ካላችሁ ደግሞ የእሱን ድምፅ ብቻ ሁለት ወይም ሦስት ዴሲቤል ጨምሩ። ለማታ «ናይት ሞድ» የሚለውን አብሩ፤ ፍንዳታውን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ ያደርጋል።

ከንፈሩና ድምፁ አይገጥሙም

ቲቪው ምስሉን ለማሳመር ጊዜ ስለሚወስድ ድምፁ ቀድሞ ይደርሳል። ሪሲቨሩ ላይ «ሊፕ ሲንክ» ወይም «ኦዲዮ ዲሌይ» የሚለውን ጥቂት ጥቂት እየጨመራችሁ ሰው የሚያጨበጭብበትን ወይም በር የሚዘጋበትን ቦታ ደጋግማችሁ እዩ። ድምፁ የዘገየው ከሆነ ግን ሪሲቨሩ ማዘግየት እንጂ ማስቀደም አይችልም። ያኔ ዊንዶውስ ላይ ባለው ቪኤልሲ ጄን ተጫኑ፤ በእያንዳንዱ ንክኪ ድምፁን 50 ሚሊሰከንድ ያስቀድመዋል። ካለፋችሁ በኬ መልሱት።