«ቢሳኮዲል ወሰድኩ፣ አልሠራም»፦ የሆድ ድርቀት መድኃኒት ችግርና መፍትሄ

ውኃ ጠጡ፣ ጎመን ብሉ፣ ተራመዱ የሚለውን ሁሉም ሰምቶታልና እዘለዋለሁ። የማወራው መድኃኒት ቤት ገብቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሚያስቀምጥ ነገር ስጠኝ» ለሚለው ሰው ነው።

ኪኒኑ አልሠራም

ከሁሉም አብዝቼ የምሰማው ይህንን ነው። «መቼ ዋጥከው?» እላለሁ። «ከምሳ በኋላ።» አሁን ገና አስር ሰዓት ነው! ባለ 5 ሚሊግራሙ ቢሳኮዲል ለመሥራት ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይፈልጋል። ማታ ሲተኙ ተውጦ ጠዋት የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው። ለአዋቂ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ይበቃል። ሳይታገሡ ሌላ ሁለት፣ ከዚያም ሌላ ሁለት የሚደርቡ ሰዎች ሌሊቱን ሽንት ቤት ሲመላለሱ ያድሩና ጠዋት ሊጣሉኝ ይመጣሉ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ «በምን ዋጥሽው?» ነው። «ጨጓራዬን እንዳይነካኝ በወተት።» እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ኪኒኑ የተሸፈነው ጨጓራን አልፎ አንጀት ውስጥ እንዲሟሟ ነው። ወተትና የጨጓራ ሽሮፕ አሲዱን ስለሚያበርዱት ሽፋኑ ያለቦታው ይፈታል፤ ትርፉ ማቅለሽለሽና ቁርጠት ነው። በውኃ ዋጡት፤ ከወተትም ከጨጓራ መድኃኒትም ቢያንስ አንድ ሰዓት አራርቁት። አትሰባብሩት፣ አታኝኩት። አንዷ ሽማግሌ አባቷን እንዳያንቃቸው ብላ በማንኪያ ጀርባ ጨፍልቃ በሞቀ ወተት በጥብጣ ሰጥታቸዋለች፤ ሁለቱንም ጥፋት በአንድ ስኒ! አባት ሆዳቸውን ይዘው አደሩ። ኪኒን መዋጥ ለሚያስቸግረው ሰው በፊንጢጣ የሚገባው ባለ 10 ሚሊግራም አለ፤ ከ15 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ ይሠራል።

ካልወሰድኩ አልቀመጥም

ይሄ ወራት ሙሉ በየቀኑ የሚውጠው ሰው ነው። ቢሳኮዲል ለጥቂት ቀን ነው፤ ሳምንት አልፎ ችግሩ ካለ ሐኪም ይይ። «ለውፍረት» ብለው የሚገዙትማ ትዕግሥቴን ይጨርሱታል። መድኃኒቱ የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው፤ ምግቡ ግን ትንሹ አንጀት ላይ ተመጥጦ አልቋል። ሚዛኑ የሚቀንሰው ውኃ ስለወጣ ነው፤ አብሮት ፖታሲየም ይወጣል፣ እሱ ሲጎድል ደግሞ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምት ይዛባል። «ማቅጠኛ ሻይ» የሚባለውን ካርቶን ገልብጣችሁ አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሴና ነው፣ ያው የሚያስቀምጥ መድኃኒት።

ላክቱሎስ ሆዴን ነፋው

ላክቱሎስ የሚያስቀምጥ ሽሮፕ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ይነፋል፣ ጋዝ ያበዛል፤ የሚጠበቅ ነው። ውጤቱ እስኪታይ እስከ ሁለት ቀን ሊፈጅ ስለሚችል በማግሥቱ ጠርሙሱን አትጣሉት። ስኳር ያለበት ሰው ሲገዛ ይናገር፤ ሽሮፑ ጥቂት ስኳር አለው።

የደም ማነስ ኪኒን ከጀመርኩ ወዲህ ደረቀብኝ

አይረን ያደርቃል። ነፍሰ ጡሮች ደብቀው ያቋርጡታል፤ አታቋርጡ፣ ለክትትል ስትሄዱ ንገሩ። ላክቱሎስ በእርግዝና ይታዘዛል። የጉሎ ዘይት ግን በፍጹም! ማህፀን ያነሳሳል። ጎረቤት ስለመከረች፣ አያት ስለጠጡት አይሆንም።

ትራማዶልና ኮዴን የሚባሉት የሕመም ማስታገሻዎችም እንዲሁ ያደርቃሉ፤ ተልባ ብቻውን አይፈታውም። ተልባ የሚጠጣም ውኃ ያብዛበት፣ ያለ ውኃ ጭራሽ ይዘጋል።

የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሚልክ ኦፍ ማግኔዢያ የሚባለውን ማግኒዚየም ያለበት የሚያስቀምጥ መድኃኒት አይውሰድ፤ ማግኒዚየሙ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን የጀመረም ማግኒዚየሙን አብሮ አይውሰድ፤ አንቲባዮቲኩ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል።

ለቀናት ያልተቀመጡ አዛውንት ድንገት ቀጭን ተቅማጥ ካመለጣቸው የደረቀው ሰገራ ዘግቶ በጎኑ ፈሳሽ እያለፈ ሊሆን ስለሚችል የተቅማጥ ማቆሚያ እንዳትሰጡ፣ ያሳክሙ።

ሆድ ተነፍቶ፣ ፈስ እንኳ አልወጣ ብሎ፣ የሚያስመልስ ከሆነ ምንም ዓይነት የሚያስቀምጥ መድኃኒት አይወሰድም። አንጀት ተጠምዝዞ ሊሆን ይችላል፤ በአገራችን የትልቁ አንጀት መጠምዘዝ የታወቀ የመዘጋት ምክንያት ነው። በተዘጋ አንጀት ላይ የሚገፋ መድኃኒት መጨመር ሊበሳው ይችላል። «ለታመመ ሰው ቤት ልውሰድለት» ለሚለኝ ሁሉ መጀመሪያ «ፈስ ይወጣዋል? ያስመልሰዋል?» የምለው ለዚህ ነው። ሰገራው ደም ካለው፣ ሰውየው ያለምክንያት ከከሳ፣ ወይም ድርቀቱ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የመጣ ከሆነም ከእኔ ዘንድ ሳይሆን ከሐኪም ዘንድ ይጀምር።