መኪና በድንገት ሲፈተለክ ምን ይደረግ? ጥፋቱስ የሹፌሩ ነው ወይስ የመኪናው?

መኪና ሳይታሰብ ሲፈተለክ «ሹፌሩ ነው»፣ «የለም መኪናው ነው» የሚለው ክርክር መኪናው ከቆመ በኋላ የሚደርስ ነው። መንስኤው የተሳሳተ እግርም ይሁን የተንሸራተተ ምንጣፍ ወይም አልመለስ ያለ የነዳጅ ፔዳል፣ በዚያች ቅጽበት ሹፌሩ የሚወስዳቸው እርምጃዎች አይለያዩም፤ ስለዚህ ቅደም ተከተላቸውን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

መጀመሪያ እግርዎን ከሁሉም ፔዳል ላይ ያንሱና ፍሬኑ ላይ እንደ አዲስ ያሳርፉ። መኪና እየተወረወረ እግር ማንሳት እብደት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ፍሬን የያዘ መስሎት ነዳጅ የረገጠ ሰው ስህተቱ ስለማይታወቀው፣ መኪናው በፈጠነ ቁጥር ያንኑ ፔዳል አጥብቆ ይጫናል፤ እግር ማንሳቱ ይህን ያቋርጠዋል።

ቀጥሎ ፍሬኑን አንድ ጊዜ፣ በሙሉ ኃይል፣ ሳይለቁ ይጫኑ። ደጋግሞ መርገጥና መልቀቅ በብዙ ሹፌሮች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም እዚህ ላይ ይጎዳል። የቤንዚን መኪና ፍሬን በአብዛኛው የሚታገዘው ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጠረው ቫኪዩም (ከውጭው ያነሰ የአየር ግፊት) ነው፤ ነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ቫኪዩሙ ስለሚጠፋ፣ የተጠራቀመው እገዛ በጥቂት ርግጫ ያልቅና ፔዳሉ ይደርቃል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ በመሆኑም ያው መኪና ደሴ ላይ የሚያገኘው የፍሬን እገዛ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚያገኘው ያንሳል። ፔዳሉ ከከበደዎት በሁለቱም እግርዎ ይጫኑ።

ፍሬኑን እንደያዙ ሞተሩን ከጎማው ያለያዩ፤ አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ወደ ኒውትራል ይግፉ፣ ማኑዋል ከሆነ ፍሪሲዮን ይርገጡ። ሞተሩ ይጮሃል፤ ይጩህ። ሞተር ይታደሳል።

የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ርቀት ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ እዚያ በኒውትራል መውረድ ሞተሩ መኪናውን መያዙን ስለሚያስቀር በአዘቦቱ ቀን ፈጽሞ ሊደረግ የማይገባ ነው። ማኑዋል የሚነዳ ሰው ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ በራሱ ከፈጠነበት፣ ፍሪሲዮን ከመርገጥ ይልቅ ማርሹ እንደገባ ቁልፉን አንድ ደረጃ ቢመልስ ይሻላል፤ ነዳጅ የተቋረጠበት ሞተር መኪናውን ይይዛልና። መሪው ይከብዳል፤ ቁልፉ ከተነቀለ ደግሞ ይቆለፋልና ቁልፉን አይንቀሉ። በቁልፍ ፈንታ በአዝራር የሚነሳ መኪና ሲሆን አዝራሩን ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል። ፍሬን ግሎ አልይዝ ማለትና ሞተር በራሱ መፍጠን የተለያዩ ችግሮች መሆናቸውንም አይርሱ፤ የሚለያቸው የሞተሩ ድምፅ ነው።

መኪናው ከቆመ በኋላ ምንም ነገር ሳይነኩ የምንጣፉንና የፔዳሎቹን ሁኔታ ፎቶ ያንሱ። ምንጣፉ ነዳጅ መስጫውን ይዞት ነበር? ፔዳሉ ሲለቀቅ ወዲያው ይመለሳል? ፔዳሉ በሽቦ የሚስብ ከሆነ ሽቦው ይዞ ይቀራል? ፍሬኑ የተቃጠለ ምልክት አለው? የአየር ከረጢት ከፈነዳም ብዙ ዘመናዊ መኪኖች ከግጭቱ በፊት በነበሩት 5 ሰከንዶች ውስጥ የትኛው ፔዳል እንደተረገጠ ስለሚመዘግቡ፣ መዝገቡ ሳይነበብ መኪናው አይፈታ።

በእኔ አስተያየት ዋናው መለያ አጀማመሩ ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ፣ ማርሽ ሲገባ ወይም ወደ ኋላ ሲነዳ ከተወረወረ፣ ጥርጣሬው በቅድሚያ ወደ እግር ይሄዳል፤ የደህና አውቶሞቢል ፍሬን ከሞተሩ ስለሚበረታ፣ «ፍሬን ይዤ ተወረወረ» የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው ሞተሩና ፍሬኑ በአንድ ቅጽበት ከተበላሹ ነው። ኦዲ 5000 የተባለው መኪና በራሱ ይፈተለካል በሚል ከተነሣው ውዝግብ በኋላ የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ጥናትም የደረሰበት ድምዳሜ ወደዚሁ ያደላል። በጉዞ ላይ እያለ የፈጠነ መኪና ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2009 ሳንዲያጎ አጠገብ አራት ሰዎች የሞቱበትን፣ ቶዮታ የሚሠራውን ሌክሰስ ይነዳ የነበረው የመንገድ ፖሊስ ባልደረባ ነበር፤ ፔዳሉን ይዞ ያስቀረው የሌላ ሞዴል ምንጣፍ ነው። ከዚያ በኋላ ናሳ የቶዮታን ኤሌክትሮኒክስ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2011 ለእንዲህ ያለው መፈትለክ መንስኤ የሚሆን ጉድለት አላገኘሁበትም ቢልም፣ እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የኦክላሆማ ፍርድ ቤት ዳኞች ጉባኤ ካምሪ በተባለው የቶዮታ ሞዴል በደረሰ ሌላ አደጋ ኩባንያውን ተጠያቂ አድርጓል። ስለዚህ ሹፌሩን ሳይመረምሩ መፍረድም ሆነ መኪናውን በጭፍን መክሰስ ተገቢ አይደለም።

ለጥንቃቄ ያህል በምንጣፍ ላይ ምንጣፍ አይደርቡ፣ በነጠላ ጫማ አይንዱ፣ ማርሽ ከማስገባትዎ በፊት ፍሬን ይያዙ። የኤሌክትሪክ መኪና ያለ ድምፅ የሚሠራና ጉልበቱን ወዲያው የሚያወጣ በመሆኑ፣ ከማኑዋል በቀጥታ ወደ እርሱ የሚዛወር ሰው ሜዳ ላይ ቢለማመድ ይበጀዋል።

የናፍጣ ሞተር ለብቻው መታየት አለበት። ተርቦው (ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው መሣሪያ) ዘይት ካስገባ ሞተሩ የራሱን ዘይት እያቃጠለ ቁልፍ ቢጠፋም መሽከርከሩን ይቀጥላል። ማኑዋል ከሆነ መኪናውን በእግርና በእጅ ፍሬን ይዘው፣ ከፍተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ ሞተሩን ያንቁት። ይህ ካልተቻለ የአየር ማስገቢያው በጠንካራ ጣውላ ይደፈናል፤ ሞተሩ ስለሚስበው እጅም ሆነ ጨርቅ አይጠጋም።