ለወጣቶች ክለብ ቤት ስትፈልጉ እኛ የሠራናቸውን ስህተቶች አትድገሙ

ክለባችን በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ዕቃውን ተሸክሞ ወጥቷል። የጠረጴዛ ቴኒሳችን አንዱ እግሩ የተሰበረው በሦስተኛው ጉዞ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በጡብ ተደግፎ ነው የቆመው። በወጣን ቁጥር ጥፋተኛው ሌላ ሰው ነበር። አከራዩ ስግብግብ ነው፣ ቢሮው ለወጣት ደንታ የለውም፣ ጎረቤቱ ሳቅ አይወድም። የተወሰነው እውነት ነው፣ አልክድም። ግን አንድ ቀን ቁጭ ብለን የድሮ ደብዳቤዎቻችንንና ቃለ ጉባኤዎቻችንን ስናገላብጥ አብዛኛውን ጣጣ በገዛ እጃችን እንደጎተትነው ገባን። ቤት ፍለጋ ላይ ላለ ሌላ ክለብ ቢጠቅም ብዬ ነው የምጽፈው።

«ቦታ ስጡን» ብሎ መጀመር

የሌሎቹ ስህተቶች ሁሉ እናት ይህች ናት። ቢሮ ገብተን «የአካባቢው ወጣቶች ነን፣ መሰብሰቢያ አጥተናል፣ ቦታ ስጡን» አልን። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም። «ስንት ናችሁ?» አሉን። ብዙ ነን አልን። «በሳምንት ስንት ቀን ትገናኛላችሁ?» እርስ በርስ ተያየን። «ምን ምን ትሠራላችሁ?» ሁለታችን በአንድ ጊዜ የተለያየ መልስ ሰጠን። «እሺ፣ እናስብበታለን» ተብለን ወጣን። እናስብበታለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ቢሮ የተመላለሰ ሁሉ ያውቃል።

ከዚያ በኋላ ነው አንዷ አባላችን ደብተር ይዛ በር ላይ መቀመጥ የጀመረችው። ማን መጣ፣ በስንት ሰዓት ገባ፣ በስንት ሰዓት ወጣ፣ ምን ሲሠራ ዋለ እያለች ለሁለት ወር መዘገበች። ውጤቱ አሳፈረን። መዝገባችን ላይ 120 አባላት አሉ፤ በአንድ ጊዜ ከ35 በላይ ሰው ግን ገብቶ አያውቅም። የምንገናኘው በሳምንት ሦስት ምሽት ሦስት ሦስት ሰዓት፣ ቅዳሜ ደግሞ አምስት ሰዓት ነው። ድምሩ 14 ሰዓት። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ለ14 ሰዓት ሥራ የ168 ሰዓት ቤት ስንለምን ነው የከረምነው።

ይህን ስታውቁ ጥያቄው ራሱ ይቀየራል። ባዶ ቤት ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ባዶ ሰዓት ያለው ቤት ግን ሞልቷል። ተማሪ ከወጣ በኋላ የሚቆለፍ ክፍል አለ፣ ስብሰባ ሲኖር ብቻ የሚከፈት አዳራሽ አለ። «አዳራሻችሁን ስጡን» ስትሉት ፊቱን የሚያጠቁር ኃላፊ «ማክሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፣ ለ35 ሰው፣ ወንበሩን መልሰን ደርድረን፣ ቁልፉን ለጥበቃው አስረክበን እንወጣለን» ስትሉት ቢያንስ ቁጭ በሉ ይላችኋል። የእኛ ደብተር ከሁሉም ደብዳቤዎቻችን በላይ ሠርቶልናል፤ ደብተሩ የእርሳስ ጽሑፍ እንጂ ማህተም እንኳ አልነበረውም።

ሳይለኩ መውደድ

የመጀመሪያው ክፍላችን ቆንጆ ነበር። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ መስኮቱ ትልቅ ነው፣ ወለሉ ያብለጨልጫል። ፈረምን። ከዚያ የቴኒስ ጠረጴዛውን አስገባን። ጠረጴዛው 2.74 ሜትር ርዝመት አለው፣ ክፍሉ ደግሞ አምስት ሜትር ነው። አስሉት። በየጫፉ የተረፈው አንድ ሜትር ከምናምን ነው፤ ኳስ ለመምታት ክንዱን ወደኋላ የሳበ ሁሉ ግድግዳውን ነው የሚመታው። አዲሱ ቀለም አንድ ወር አልቆየም።

ሜትር ያዙ፣ ጠመኔም ያዙ። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ዕቃችሁ የሚያርፍበትን ቦታ ወለሉ ላይ ሳሉትና በመካከሉ ተመላለሱ። በጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ ብሎ ለሚሠራ ሰው 1.5 ካሬ ሜትር ገደማ አስቡ፤ ለ35 ሰው ወደ 53 ካሬ ሜትር ይሆናል፣ ያውም ቁምሳጥን ሳይጨመር። ስፖርት ካሰባችሁ ደግሞ ቀና ብላችሁ ጣሪያውንም እዩ። መደበኛው የመረብ ኳስ ሜዳ 18 በ9 ሜትር ነው፣ ከበላዩም ሰባት ሜትር ክፍት ቦታ ይፈልጋል። የቅርጫት ኳሱ 28 በ15 ነው። «አዳራሽ አለን» የሚላችሁ ሰው ሁሉ ይህ የለውም። ለልምምድ ሙሉ ሜዳ የግድ ባይሆንም ጣሪያው ዝቅ ያለ ቤት ውስጥ የተሰበረ አምፖል መቁጠር ትጀምራላችሁ።

ዕቃ ማስቀመጫን አትርሱ። እኛ አራቱንም ጊዜ ረስተነዋል።

ቤቱን በቀን አይቶ ለማታ መከራየት

ሁለተኛው ቤታችን መጋዘን ነበር። ያየነው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። ፀጥ ያለ፣ ሰፊ፣ አየር ያለው። ሥራ የጀመርነው ደግሞ ማታ ነው። ወደ መጋዘኑ የሚያስገባው መንገድ ረጅምና ጠባብ ነው፣ አንድም መብራት የለውም፣ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ደግሞ ውሻ አለ። በሁለት ወር ውስጥ ሴቶቹ አባላት አንድ በአንድ ቀሩ። እኛም «ሴቶች ለምን ቀሩ?» የሚል ስብሰባ ጠራን። ስብሰባው ላይ የተገኘነው ወንዶች ብቻ ነበርን። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ስለ ሴቶች ተሳትፎ ተወያይተን ተበተንን።

ኋላ አንዷን ሄጄ ስጠይቃት መልሱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር። መንገዱ ጨለማ ነው። የመፀዳጃ ቤቱ በር አይቆለፍም። በቃ። ይህን ለማወቅ ስብሰባ አያስፈልግም ነበር፤ ቤቱን ስናይ አንዲት ሴት አብራን ብትኖር ኖሮ በአምስት ደቂቃ ታየዋለች።

ስለዚህ ቤቱን በምትጠቀሙበት ሰዓት እዩት፤ ሴት አባል፣ ከአባላቱ ታናሹንና የሚቻል ከሆነ አካል ጉዳተኛ አባል ይዛችሁ ሂዱ። መጋዘኑ መግቢያ ላይ ሦስት ደረጃ ነበረው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ልጅ ሲመዘገብ «ሁለት ጣውላ እንጥልለታለን» አልን፣ እንዲህ ቀላል መስሎን። በተለምዶ የሚሠራበት ልክ አንድ ለ12 ነው፤ ማለትም ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር መወጣጫ። ሦስቱ ደረጃ እያንዳንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 45 ሴንቲ ሜትር ነው፣ መወጣጫው 5.4 ሜትር መሆን አለበት። የእኛ ጣውላ ሁለት ሜትር ነበር። ልጁ አንድ ቀን መጥቶ ቁልቁለቱን አየና እየሳቀ ተመለሰ። ደግሞ አልመጣም።

በቃል መስማማት

የመጋዘኑ ባለቤት ደግ ሰው ነበሩ። «የልጆቻችን ጉዳይ ነው፣ ወረቀት ምን ያደርጋል» አሉ፣ እኛም ወረቀት መጠየቅ ነውር መስሎን ዝም አልን። በራሳችን ገንዘብ መስኮቱን አስጠገንን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን አስቀየርን፣ ወለሉን አስለሰንን። ከዚያ ሰውየው ታመው ንብረቱን ልጃቸው ተረከበ። የልጁ የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን ፈቀደላችሁ?» የሚል ነበር። ሁለተኛ ጥያቄ አልነበረውም። በ15 ቀን ውስጥ ወጣን፣ ቤቱንም አሳምረን ለሌላ ተከራይ አስረከብነው።

ልጁን ብዙ አማሁት። ግን እሱ ምን ያውቃል? ያባቱን ቃል ያልሰማ ሰው የሚያነበው ነገር ያስፈልገዋል። ነፃ ቤት ከሆነ እንዲያውም ውሉ የበለጠ ያስፈልጋል፤ የሚከፍል ተከራይ ቢያንስ ደረሰኝ አለው።

ውሉ ረጅም መሆን የለበትም። ለስንት ጊዜ ነው? ለመልቀቅ የስንት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል? ጣሪያ ቢያፈስ ማን ያሠራል? እኛ ያደስነው ነገር ከኪራዩ ይታሰባል ወይስ የስጦታ ነው? ባለቤቱ ቢቀየርስ? እነዚህ ከተመለሱ ግማሹን ጠብ አስቀርታችኋል። ተዋዋዩም ሊቀመንበሩ ሳይሆን ክለቡ ይሁን፤ ለዚህ ደግሞ ክለቡ መመዝገብ አለበት። ስትገቡ ስንጥቁን፣ የተሰበረውን መስታወት፣ የቆጣሪውን ንባብ በሁለታችሁም ፊት ፎቶ አንሱ። ስትወጡ ይህ ፎቶ ከጠበቃ ይሻላል።

ሁሉን በአንድ ሰው ኪስ ማድረግ

ሊቀመንበራችን ጎበዝ ልጅ ነበር። ቁልፉ እሱ ጋ፣ የአከራዩ ስልክ እሱ ጋ፣ ወረቀቱ እሱ ጋ። ሥራ አግኝቶ ሌላ ከተማ ሄደ። ደስ አለን፣ ሸኘነው፣ በነጋታው በር ላይ ቆመን ተያየን። ሁለት ቁልፍ፣ ሁለት ሰው፣ ሁለት ኮፒ። ከዚህ በላይ የሚባል ነገር የለውም።

አንድ መውጫ ያለው ምድር ቤት

ይህን ስጽፍ አሁንም ይቀፈኛል። ሦስተኛው ቤታችን ምድር ቤት ነበር፤ መስኮቶቹ በብረት የታጠሩ፣ በሩ አንድ፣ እሱም ወደ ውስጥ የሚከፈት። ለአንድ የሙዚቃ ምሽት ከ80 በላይ ሰው አስገባንበት። መሀል ላይ አንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጨሰ። እሳት አልተነሳም፣ ሰው ግን በአንድ ጊዜ ወደ በሩ ሄደ፤ የፊተኞቹ በሩን ለመሳብ ሲታገሉ የኋለኞቹ ይገፏቸዋል። የተጎዳ አልነበረም። ዕድል ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ብዙ የሕንፃ ደንቦች የሰው ቁጥር 50 ወይም 60 አካባቢ ሲደርስ ሁለተኛ መውጫ ይጠይቃሉ፤ ብዙ ሰው የሚወጣበት በርም ወደ ውጭ እንዲከፈት ያዛሉ። ምክንያቱን እኛ ያን ምሽት አየነው። ርካሽም ቢሆን፣ ነፃም ቢሆን፣ እንዲህ ያለውን ቤት ተዉት። የአካባቢያችሁን ደንብ ጠይቁና ከሚፈቀደው ቁጥር በላይ ሰው አታስገቡ፣ ጓደኛችሁ በር ላይ ቆሞ ቢለምናችሁም።

የጎረቤትን ስም ከክስ ወረቀት ላይ ማወቅ

አራተኛው ቤት በድምፅ ሄደ። ከበሮ ነበረን። ግድግዳውን ሙሉ በእንቁላል ካርቶን ለበጥነው፤ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብናል፣ አንድም ጥቅም አልሰጠም። ካርቶን ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ትንሽ ይቀንስ እንደሆነ ነው እንጂ ድምፅ ወደ ውጭ እንዳይወጣ አያግድም። ድምፅ የሚያግደው ክብደት ያለው ነገር ነው፤ ወፍራም ግድግዳ፣ ከባድ በር። መጀመሪያ የሚያመልጠው ደግሞ በበሩ ሥርና በመስኮቱ ጠርዝ ባለው ክፍተት ነው፤ እሱን መድፈን ካርቶን ከመለጠፍ በብዙ ይሻላል። የከበሮ ዝቅተኛ ድምፅ ግን ያንንም አልፎ ይሄዳል። ለእሱ መድኃኒቱ ሰዓት መምረጥ ነው።

ጎረቤታችን የነበሩት እማማ ምሽት ላይ የታመሙ ባላቸውን ያስተኙ እንደነበር ያወቅነው ክሱ ከደረሰን በኋላ ነው። ሦስት ወር ሙሉ በበራቸው አልፈናል፣ «ጤና ይስጥልኝ» እንኳ በደንብ አላልናቸውም። ከበሮውን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብናደርገው ኖሮ እሳቸውም አይከፉ፣ እኛም አንወጣም ነበር። ቤት ስትገቡ በመጀመሪያው ሳምንት የጎረቤቱን በር አንኳኩ፣ ስልክ ቁጥር ስጡ፣ የትኛው ሰዓት እንደሚከብዳቸው ጠይቁ።

በደብዳቤ መራቀቅ

አንድ ዘመን ላይ ደብዳቤያችን የሚጀምረው በ1989 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ነበር። አንቀጽ 31፣ የመጫወትና የማረፍ መብት። አንቀጹ አለ፣ እውነት ነው። ግን ኮንቬንሽኑ በጥቅሉ የሚናገረው ከ18 ዓመት በታች ስላሉ ነው፤ ደብዳቤውን ካረቀቅነው አምስት ሰዎች ሁለቱ ፂም ነበራቸው። ሁለት ገጽ መብት ጽፈን የምንፈልገውን ሰዓትና ቀን አልጻፍንም። ኃላፊው አንብበው «በጣም ጥሩ ነው፣ ታዲያ ምን ላድርግላችሁ?» አሉን።

አንድ ገጽ ይበቃል። ማን ናችሁ፣ ስንት ናችሁ፣ የትኛውን ክፍል፣ በየትኛው ሰዓት፣ ቢበላሽ ማን ይጠይቃል፣ ማን ይደወልለት። ደብዳቤውን ስታስገቡ ደግሞ የገባበትን ቁጥር ይዛችሁ ውጡ። «ነገ ኑ» ሲባል ቁጥር የሌለው ሰው በየቀኑ ከሀ ነው የሚጀምረው።

ቤት እስኪገኝ ሥራ ማቆም

ከአራተኛው ቤት ስንወጣ «ቤት ስናገኝ እንጠራችኋለን» ብለን አባላቱን ሰባት ወር በተንን። ስንጠራቸው የመጡት 11 ናቸው። ቤት ሰጪውም አንድ ነገር ይጠይቃል፤ «አሁን የት ነው የምትሠሩት?» የትም ብላችሁ ከመለሳችሁ ክለብ የለም ማለት ነው። ንባብ ዛፍ ሥር ይሆናል፣ ሩጫ ቤት አይጠይቅም፣ ቼዝ የአንድ ሰው ሳሎን ይበቃዋል። በሳምንት አንድ ቀንም ቢሆን ተገናኙ፣ ደብተሩም አይቋረጥ።

አሁን ያለነው አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። ሦስት ምሽትና ቅዳሜ፣ የሁለት ዓመት ውል፣ ሁለት በር፣ የሚቆለፍ መፀዳጃ ቤት፣ አንድ የብረት ቁምሳጥን። ከበሮው ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነው የሚመታው። የጡቧን ጉዳይ በተመለከተ ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ተይዟል፤ ባለፈው ስብሰባም ተይዞ ነበር።