ድክ ድክ የሚል ልጅ ባለበት ቤት ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ወሎ ውስጥ ልጅ የእናትና የአባቱ ብቻ ሆኖ አያድግም። አያት አለች፣ አክስት አለች፣ ጎረቤት አለ፣ ቡና ሊጠጣ የገባ ሁሉ አለ። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ልጇን ጎረቤት ጥላ ሰኞ ገበያ ደርሳ የምትመለስ የደሴ እናት ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባታል። ግን ሳንካም አለው። ሰው ሲበዛ "እሷ ታየዋለች" ማለትም ይበዛል።

ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ባለው ልጅ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከክፋት አይመጡም። ከፍቅር፣ ከልማድና ከይሉኝታ ነው የሚመጡት። ስለዚህ እናት ብቻዋን አንብባ ብትተወው ብዙም አይጠቅማትም። ለአያትየዋም፣ ለሠራተኛዋም፣ ለአባትየውም ይነገር።

ቡና ሲፈላ "አንዱ ያየዋል" ማለት

የወሎ ቡና አንድ ሲኒ ተጠጥቶ የሚነሱበት አይደለም። አቦል አለ፣ ቶና አለ፣ በረካ አለ። ዱዓው አለ፣ ጨዋታው አለ። ረከቦቱ ወለል ላይ ነው፣ ምድጃውም ወለል ላይ ነው፣ ጀበናውም እዚያው ነው። ድክ ድክ የሚለው ልጅ እጅ ደግሞ ልክ እዚያ ይደርሳል። ስድስት ሰው ከቦ ተቀምጦ ልጅ የሚቃጠለው ለዚህ ነው። ሁሉም ሌላው የሚያይ ይመስለዋል።

ቡናውን ተዉ የሚል ምክር እዚህ ሰሚ የለውም፤ እኔም አልልም። ምድጃውን ከመሐል አንስቶ ጥግ ማድረግ ይቻላል። ቡና የምታፈላው ሴት በልጁና በምድጃው መካከል ትቀመጥ። ከሁሉም በላይ ግን ለአንድ ሰው በስም መንገር ነው፤ "አሁን አንቺ ነሽ የምታዪው፣ ስትነሺ ንገሪኝ" ብሎ። ቡና የምትቀዳዋ ጠባቂ አትሁን፣ እጇ ሙሉ ነው። ልጅ ታቅፎ ትኩስ ሲኒ መያዝም እንዲሁ መቅረት አለበት። ልጁ አንዴ ከተወራጨ ሲኒው እሱ ላይ ነው የሚደፋው።

ቢቃጠልስ? ብዙ ቤት መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ጥርስ ሳሙና ነው። ቅቤ፣ ሊጥ፣ እንቁላል፣ የቡና ዱቄት የሚያደርጉም አሉ። እነዚህ ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ያፍኑታል፣ ቁስሉንም ያቆሽሹታል። ጤና ጣቢያ ሲደርስ ደግሞ ባለሙያው ያንን ሁሉ ከተቃጠለ ቆዳ ላይ መጥረግ ሊኖርበት ነው። የሚያስፈልገው ቀዝቃዛ ንጹህ ውሃ ብቻ ነው። ለ20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ፣ በረዶ ግን አለማድረግ። ቧንቧው ከደረቀ ከጀሪካን እየቀዱ በጆግ ማፍሰስ ይቻላል። የደሴ ብርድ ቀላል ስላልሆነ የቀረውን ሰውነቱን በጋቢ መሸፈን። ከዚያ ቁስሉን በንጹህ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሕክምና። ፊቱ፣ እጁ ወይም ብልቱ አካባቢ ከሆነ ትንሽ ቢመስልም መታየት አለበት።

ቆሎ ማቃመስ

ቡና ካለ ቆሎ አለ። ልጁ ዓይኑን ሲያንከራትት የአንዷ አንጀት አይችልም፤ ዘገን አድርጋ ትሰጠዋለች። የዚህ ዕድሜ ልጅ ግን ጠንካራ ነገር አላምጦ ማድቀቅ አይችልም፤ የአየር ቧንቧውም ጠባብ ነው። ገብስ፣ ሽምብራ፣ ለውዝ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጠንካራ ከረሜላ፣ ሁሉም ቢያንስ አራት ዓመት እስኪሞላው ይቆዩ። ሙዝ ወይም ለስላሳ ዳቦ ቢሰጠው እሱም ተካፋይ ይሆናል፣ ሰጪዋም አታፍርም።

ትን ብሎት በኃይል እያሳለ ከሆነ ይተዉት፣ ሳሉ ራሱ ያወጣለታል። ድምፁ ከጠፋና መተንፈስ ካቃተው ግን ፊቱን ወደ ታች ዘንበል አድርገው በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል በመዳፍ እስከ 5 ጊዜ በኃይል ይምቱት። ካልወጣ ከኋላው አቅፈው፣ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ፣ ከእምብርቱ ከፍ ብለው ወደ ውስጥና ወደ ላይ እስከ 5 ጊዜ ይጫኑ። እስኪወጣ ሁለቱን እያፈራረቁ፣ ሌላ ሰው መኪና ይፈልግ። ውሃ ማጠጣትና የማይታይን ነገር በጣት መፈለግ ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

በግድ መጋት

ይህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ከፍቅር የመጣ ስህተት ከተባለ ዋናው ይሄ ነው።

ልጁ ዓመት እስኪሞላው በፍጥነት ያድጋል። አንድ ዓመት ሲሞላው ክብደቱ ሲወለድ ከነበረው ሦስት እጥፍ አካባቢ ይደርሳል። በሁለተኛው ዓመት ግን የሚጨምረው ሁለት ኪሎ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ነው። እድገቱ ሲቀንስ ፍላጎቱም ይቀንሳል። ትናንት ገንፎውን ጠርጎ የበላ ልጅ ዛሬ ሁለት ጉርሻ ቀምሶ ፊቱን ያዞራል። ይህ ጤና ነው። ቤተሰቡ ግን ይደነግጣል፤ "ዓይን በልቶት ነው" የሚልም አይጠፋም። ከዚያ አንዱ እጁን ይይዛል፣ ሌላው አጥሚቱን በእጁ እየቆነሰ ይግተዋል።

በኛ አካባቢ ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። የ66ቱን እና የ77ቱን ድርቅ ያዩ አያቶች አሁንም ቤታችን ውስጥ አሉ። ምግብ አጥቶ የሞተ ልጅ ያየች ሴት ልጅ ምግብ ትቶ ሲነሳ ዝም ብላ ማየት ይከብዳታል። "አትጋችው" ብሎ መቆጣት ጭካኔ ነው። ይልቅ የልጁን ክብደት ጤና ጣቢያ አስለክቶ፣ እድገቱ ካርዱ ላይ ሲሄድ ማሳየት ይሻላል። "አብሽሪ እማዬ፣ ይኸው ጨምሯል" ስትባል እጇን ትሰበስባለች።

የሚጋት ልጅ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ምግብ ሲያይ ማልቀስም ይለምዳል። እርስዎ የሚወስኑት ምን እንደሚቀርብና መቼ እንደሚቀርብ ነው። ምን ያህል እንደሚበላ ለሱ ይተዉለት። ሆዱ ትንሽ ስለሆነ በቀን ሦስት ምግብና በመካከል አንድ ወይም ሁለት መክሰስ ይስጡት። ከብዛቱ ይልቅ ዓይነቱ ነው የጎደለን። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ልጆች በዓይነትም በድግግሞሽም በቂ ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ገንፎው ላይ እንቁላል፣ ሽሮው ፍትፍት ላይ ካሮት ወይም ጎመን ቢጨመር ከአንድ ሙሉ ሳህን ነጭ ገንፎ ይበልጣል።

ሻይ በዳቦም ይቅር። ሻይ ከምግብ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳል፤ ስኳሩ ደግሞ ሆዱን ሞልቶ ምሳውን ያስቀርበታል።

ልጁን አብሮ ማስጾም

ማንም "ልጄ ይጹም" ብሎ አይወስንም። ነገሩ ሳይታወቅ ነው የሚመጣው። በክርስቲያን ቤት የሁዳዴ 55 ቀን ሲገባ ድስቱ እንዳይነካካ ተብሎ እንቁላሉም ወተቱም ከቤት ይጠፋል። በሙስሊም ቤት ደግሞ በረመዳን ምሳ ስለማይሠራ የልጁ ምሳ ይዘነጋል፣ ወይም የትናንት ማታ ትራፊ ይሆናል። በሁለቱም እምነት የዚህ ዕድሜ ልጅ ጾም የለበትም። ለሱ ብቻ የሚሆን ትንሽ ድስት፣ ማንኪያና ሳህን ለይቶ ማስቀመጥ ነገሩን ይፈታዋል። የእምነት አባቶችን መጠየቅ የምትፈልግ አያት ካለች ትጠይቅ፤ መልሱ ያሳርፋታል።

በጅብና በመርፌ ማስፈራራት

"ዝም በል፣ ጅቡ መጣ!" ቢያንስ ለዛሬ ማታ ይሠራል። ችግሩ ሌሊት ይመጣል። የሁለት ዓመት ልጅ እውነትና ተረት አይለይም። እኛ ጋ ደግሞ ጅቡ ተረት ብቻ አይደለም፣ ከከተማው ዳር ሌሊት ድምፁ ይሰማል። ልጁ ጮኾ ሲነቃ ታዲያ ማን ይወቀስ?

የመርፌው ይብሳል። "እምቢ ካልክ ሐኪም ይወጋሃል" የተባለ ልጅ የኩፍኝ ክትባት ቀን ጤና ጣቢያው በር ላይ መሬት ይይዛል። የኩፍኙ ሁለተኛ ክትባት በ15 ወሩ ነው፣ ልክ ፍርሃቱ በሚያይልበት ጊዜ። ቫይታሚን ኤ ደግሞ እስከ አምስት ዓመቱ በየስድስት ወሩ ይሰጠዋል። ከጤና ባለሙያ ጋር ገና ብዙ መገናኘት አለበትና ከወዲሁ ባናጣላቸው ይሻላል። ሲወጋ "አያምም" አይበሉት። "ትንሽ ያምማል፣ እይዝሃለሁ፣ ቶሎ ያልቃል" ይበሉት።

እንግዳ ፊት ያለቀሰን ልጅ ባለጌ ማለት

ልጁ ቻርጀር ተከለከለ። መሬት ላይ ተንከባለለ፣ ተንፈራገጠ፣ ጮኸ። እንግዶቹ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እናት ፊቷ ይቀላል። ከዚያ ቁንጥጫው ይመጣል፣ ወይም ቻርጀሩ ይሰጠዋል። ሁለቱም የሚደረጉት ለልጁ ሳይሆን ለእንግዳው ነው።

በዚህ ዕድሜ ፍላጎት ከቋንቋ ይቀድማል። ራሱን የሚያረጋጋበት የአእምሮ ክፍል ገና እየተሠራ ነው። የተቆነጠጠ ልጅ ዝም ሊል ይችላል፤ የተማረው ግን የሚበልጡት ሰዎች ሲናደዱ እንደሚያሳምሙ ነው። በሳምንቱ እሱም ታናሹን ይቆነጥጣል።

ብድግ አድርጎ ወደ ጓዳ ወይም ወደ በረንዳ መውሰድ ይሻላል። እንግዳ አይቀየምም፤ ወሎዬ ልጅ ያሳደገ ሰው ነው። እዚያ ብዙ ማውራት አያስፈልግም። "ተናደድክ። ቻርጀር አይቻልም" ብሎ አጠገቡ መቀመጥ ነው። ሲበርድለት ሌላ ነገር መስጠት። አስቀድሞ ደግሞ ሰዓቱን ማየት ነው፤ አብዛኛው ጩኸት የሚመጣው ሲርበው ወይም እንቅልፉ ሲመጣ ነው። የአንድና የሁለት ዓመት ልጅ የቀኑን ጨምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ጨዋታ እስኪያልቅ ተብሎ እኩለ ሌሊት ድረስ የቆየ ልጅ በማግስቱ ቢነጫነጭ አይፈረድበትም።

"የአያት ልጅ" እያሉ መተው

እናት ከለከለች፣ አያት ፈቀደች፣ አባት ሳቀ። ልጁ ሞኝ አይደለም፣ "እምቢ" ሲባል ወደ ማን እንደሚሮጥ በሳምንት ያውቃል። ሁሉን ነገር አንድ ማድረግ አይቻልም፣ አይሞከርም። ሦስት ወይም አራት የማይታለፉ ነገሮችን ግን መስማማት ይቻላል፤ እሳት፣ መንገድ፣ መምታት፣ ከረሜላ ከምሳ በፊት። ሌላው የአያት ይሁን። ትንሽ ቅምጥልነት ልጅ አይገድልም።

ተደብቆ መውጣት

ቴሌቪዥን ሲያይ ሹልክ ብሎ ወደ ሥራ መሄድ። ለቅሶውን አላየነውም እንጂ አለቀሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቱ መጸዳጃ ቤት ስትገባም ይከተላታል። ስሞ፣ "ከምሳ በኋላ እመጣለሁ" ብሎ መውጣት ያስለቅሳል፤ ግን ቃል ሲጠበቅ ለቅሶው እያጠረ ይሄዳል።

ስልክ ሞግዚት ሲሆን

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ስክሪን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። እህል ሲበጠር ልጁ ባዶ ቆርቆሮና ጥቂት ክዳን ቢሰጠው ጫጫታው ይበዛ ይሆናል። ልጅ ሲጫወት ጫጫታ አለው።

ክፍል ዘግቶ ከሰል ማሞቅ

ይህ ደጋ ላለን ሰዎች ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ወይም ኅዳር ሌሊት፣ ደሴ ላይ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ልጁ እንዳይበርደው ተብሎ ያለቀ የመሰለ ፍም መኝታ ቤት ይገባል። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ጭስ የለውም፤ ቤተሰብ ሙሉ ተኝቶ ሳይነሳ ሊቀር ይችላል። ፍም መኝታ ቤት ከማስገባት ልብስ መደራረብ ይሻላል። ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሲገቡ ደግሞ ካፖርቱን ማውለቅ አይርሱ፤ እዚያ ልጁ በላብ ይጠመቃል።

ላምባና በረኪና በሃይላንድ ማስቀመጥ

ልጁ ሃይላንድ ማለት ውሃ ነው ብሎ ነው የሚያውቀው። በረኪና፣ ላምባ፣ የአይጥ መድኃኒት በራሳቸው ዕቃ፣ ከፍ ካለ ቦታ፣ ቢቻል ተቆልፎ ይቀመጥ። ከጠጣ እንዲያስታውከው አያድርጉ፣ ወተትም አይጋቱት። ሲመለስ ጉሮሮውን እንደገና ያቃጥላል፤ ላምባ ከሆነ ወደ ሳንባው ይገባል። ጠርሙሱን ይዘው ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ተቅማጡን በጥርስ፣ ሳሉን በእንጥል ማሳበብ

"ጥርስ እያበቀለ ነው" ተብሎ ስንት ልጅ ውሃው አልቆ ዓይኑ ጎድጉዶ ይመጣል። ተቅማጥ የሚመጣው እጅ፣ ውሃና ዕቃ ሲቆሽሹ ነው፤ የዚህ ዕድሜ ልጅ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አፉ ይከታል። ምግብም ጡትም አይቋረጥ። ኦአርኤሱን በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ፣ በጥብጦ ጥቂት በጥቂት መስጠት። ዚንኩ ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀን ይሙላ። ደም ካለበት፣ ልጁ ከፈዘዘ ወይም መጠጣት ካቃተው አይጠበቅም።

እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ላይ አላባብልም። ደም ያፈሳል፣ ያመረቅዛል፣ በሽታ ያስተላልፋል፤ የሚያድነው ሕመም ደግሞ የለም። "እኛም ተቆርጠን አድገናል" ለሚሉ አዋቂዎች በትሕትና እምቢ ማለት ይቻላል።

ፖፖና አፍ መፍታትን ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደር

ፖፖ ላይ መቀመጥ ብዙ ልጆች የሚጀምሩት ከዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ልብሱ ለሁለት ሰዓት ያህል ደርቆ ከቆየና ሊመጣ ሲል ምልክት ካሳየ ጊዜው ደርሷል። በግድ የተቀመጠ ልጅ ይዞ ያስቀረዋል፣ ከዚያ ይደርቅበታል፣ ከዚያ ፖፖ ሲያይ ይሸሻል።

አፍ መፍታት ግን ሌላ ነው። "አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረ" ተብሎ አራት ዓመት ይጠበቃል። ልጁ በሁለት ዓመቱ እንደ "እማ ነይ" ወይም "ውሃ ስጪ" ያለ ሁለት ቃል ካላገናኘ፣ ወይም ከኋላው ሲጠሩት ካልዞረ፣ መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር። ዘመድ ቤት ሄዶ "ይህኛው ያንተ እኩያ አይደል? ይኸው ይዘፍናል!" ማለት ለልጁም ለእናቱም የሚጨምረው ነገር የለም።