ሸራውን አታንቁት፦ የሪሞት ጀልባ ለጀማሪ

የሪሞት ባለ ሸራ ጀልባ ሞተር የላትም። ይህን ስል ብዙ ሰው ይስቃል። «ታዲያ ሪሞቱ ምን ይሠራል?» ይለኛል። ሪሞቱ የሚያዘው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ መሪውንና የሸራውን ገመድ። የቀረው የነፋሱ ጉዳይ ነው።

ደስ የሚለውም የሚያናድደውም ይኸው ነው። ጀማሪ ጀልባዋ አልሄድ ስትለው ገመዱን ይስባል። አሁንም አልሄድ ስትል የባሰ ይስባል። መኪና ላይ ነዳጅ እንደ መስጠት ይመስለዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሸራው ሲጠብቅ ጀልባዋ ወደ ጎን ትጋደማለች እንጂ ወደ ፊት አትሄድም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው የሚገባው፦ ላላ አድርጉት።

የትኛዋ ትሻላለች?

ብዙ ሰው የሚጀምረው በድራጎን ፎርስ 65 ነው። 65 ሳንቲሜትር ትረዝማለች፣ ለመገጣጠምም ብዙ አታደክምም። ከፍ ያለችው ድራጎንፍላይት 95 ደግሞ 95 ሳንቲሜትር ናት። ውድድር ያማራቸው ወደ አይኦኤም (ኢንተርናሽናል ዋን ሜትር) ይሄዳሉ። እሷ አንድ ሜትር ናት፣ ክብደቷም ከ4 ኪሎ አያንስም። ይህ የውድድር ጀልባ ዓይነት ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው።

እኔ ትንሿም አንድ ሜትሯም አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ለመንዳት የምትቀለው ትልቋ ናት። ረጋ ያለች ናት፣ ትንሽ ነፋስ አያስደነግጣትም። ግን ለጀማሪ ትንሿን ነው የምመክረው። ከነምሰሶዋ መኪና ውስጥ ትገባለች፣ በአንድ እጅ ትነሳለች። ለመሸከም የማታስቸግር ጀልባ ቶሎ ቶሎ ውሃ ታያለች።

ቤት ውስጥ የሚያልቅ ሥራ

ውሃ ዳር ሄዶ መገጣጠም ጣጣ ነው። ነፋስ አለ፣ ብሎኗ ሣር ውስጥ ትገባለች፣ በቃ ቀኑ አለቀ። ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ጨርሱ።

ከሥር የሚገባውን ክንፍና ጫፉ ላይ ያለውን የእርሳስ ክብደት አስቀድማችሁ ግጠሙ። ነፋስ ሲጥላት ጀልባዋን መልሶ የሚያቆማት ይህ ክብደት ነው። ብሎኑን በደንብ አጥብቁት፤ ክንፉ መነቃነቅ የለበትም። (አጥብቁ ስል የምትሰሙኝ እዚህ ላይ ብቻ ነው።)

ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ። የአሁኖቹ ሪሞቶች የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው። ይህ ሞገድ ውሃን አልፎ መሄድ ላይ ደካማ ነው። ስለዚህ የሪሲቨሩ (ጀልባዋ ውስጥ ሆኖ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው ዕቃ) አንቴና ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ተጋድሞ አይቅር። ከውሃው መስመር በላይ፣ ከላይኛው ወለል ሥር በፕላስተር ለጥፉት። ሪሲቨሩን ራሱን ፊኛ ውስጥ ከትቼ አፉን አስረዋለሁ። መልኩ ያስቃል፤ ግን ውሃ አያስገባም።

ስትከፍቱ መጀመሪያ ሪሞቱን፣ ከዚያ ጀልባዋን። ስትዘጉ መጀመሪያ ጀልባዋን። ይህ ከተዛባ ገመዱን የሚስበው ሰርቮ አዛዥ አጥቶ እንዳሻው ሊዞርና ገመዱን ሊያተበትበው ይችላል። የባትሪው ድንጋይ ደግሞ አዲስ ይሁን፤ ወይም በደንብ የተሞላ። ግማሽ ድንጋይ ይዞ ውሃ ላይ መውጣት ለመዋኘት መመዝገብ ነው።

መሪውን ለመፈተሽ እጀታውን ወደ ግራ ግፉት። የመሪው የኋላ ጠርዝ ወደ ግራ ከሄደ ልክ ነው። ወደ ቀኝ ከሄደ ሪሞቱ ላይ መገልበጫ አለ።

አሁን ሸራው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

ገመዱን በሪሞቱ እስከ መጨረሻው ሳቡና ጀልባዋን ከኋላ ሆናችሁ እዩአት። የትልቁ ሸራ የታችኛው ዘንግ በጀልባዋ መሃል መስመር ላይ ከተኛ በጣም ጠብቋል። ትንሿ ጀልባ ላይ ጫፉን አንድ ጣት ያህል ከመሃል ወደ ጎን አወጣዋለሁ። የፊተኛውን ሸራ ዘንግ ደግሞ ሁለት ጣት ያህል። የፊተኛው ምንጊዜም ከትልቁ በለጥ ብሎ መከፈት አለበት። ካልሆነ ከእሱ የሚወጣው ነፋስ የትልቁን ሸራ ጀርባ ይመታና ሥራውን ያበላሽበታል።

ገመዱ ላይ ያለችው ባለ ቀዳዳ ትንሽ ፕላስቲክ ለዚሁ ናት። ወዲያ ወዲህ ስታንሸራትቷት ገመዱ ያጥራል ወይም ይረዝማል።

ቀጥሎ ገመዱን ሙሉ በሙሉ ልቀቁት። ዘንጎቹ ወደ 80 ዲግሪ ገደማ ይከፈቱ። አንከፈትም ካሉ ገመዱ የሆነ ቦታ ተይዟል፤ ፈልጉት።

ሸራው ትንሽ ሆድ ያስፈልገዋል። ከታች፣ በሸራውና በዘንጉ መሃል የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ተዉለት። ውሃው ሲናወጥ ጨመር፣ ነፋሱ ሲበረታ ቀነስ።

የሚቀጥለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ጀልባዋን ነፋስ ያለበት ቦታ ይዛችሁ ውጡ። አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አስጠግታችሁ በእጃችሁ ዘንበል አድርጓት። ሸራዎቹ ይሞላሉ። ከኋላ ጎንበስ ብላችሁ የትልቁን ሸራ የኋላ ጠርዝ ከታች ወደ ላይ በዓይናችሁ ተከተሉት። ወደ አናቱ ሲቀርብ ቀስ እያለ ወደ ውጭ መታጠፍ አለበት። ከታች እስከ ላይ ቀጥ ካለ አናቱ ታንቋል። ዘንጉን ወደ ታች የሚይዘውን ማስተካከያ አላሉት። አናቱ ከተንዘላዘለ ደግሞ በትንሹ መልሱት። ከዚያ የፊተኛውን ሸራ የኋላ ጠርዝ ከትልቁ ሸራ ጋር አስተያዩት። በሁለቱ መሃል ያለው ክፍተት ከታች እስከ ላይ እኩል ሲመስል ጨርሳችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በትልቁ ሸራ የኋላ ጠርዝ፣ አናቱ አካባቢ ቀጭን የክር ቁራጭ ለጥፉ። ክሯ ወደ ኋላ ቀጥ ብላ ስትውለበለብ ሸራው ደህና ነው። ሁልጊዜ ከሸራው ጀርባ የምትደበቅ ከሆነ ጠብቋል። ለእኔ ከሁሉም ማስተካከያ በላይ የሠራችው ይህች ክር ናት።

መጨረሻ ላይ ክዳኖቹን በፕላስተር አሽጉና ገንዳ ውስጥ አስቀምጧት። ጥቂት ቆይታችሁ ክፈቷት። ውስጧ ደረቅ ከሆነ ተነሱ።

ውሃው ላይ

ለመጀመሪያ ቀን ነፋሱ ወደ እናንተ የሚነፍስበትን ዳር ምረጡ። ድንጋዩ ቢያልቅ፣ ገመዱ ቢበጠስ ነፋሱ ራሱ ይመልስላችኋል። የውሃው ጥልቀትም ይታይ። የአንድ ሜትሯ ክንፍ ከውሃ በታች እስከ 42 ሳንቲሜትር ሊወርድ ይችላል። ሣር ያለበትን ውሃ ሽሹ። አንዲት ክር የምታህል ሣር ክንፉ ላይ ከተጠመጠመች ጀልባዋ ትጎተታለች፣ እናንተም ሸራውን ስትጠረጥሩ ትውላላችሁ።

ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ምሰሶው ጫፍ ላይ ያለው ጠቋሚ ይነግራችኋል። ውሃውንም እዩ። ጠቆር ብሎ የሚርመሰመስ ቦታ ካለ ጠንከር ያለ ነፋስ እየመጣ ነው።

ጀልባ ፊት ለፊት ወደ ነፋሱ መሄድ አትችልም። ከነፋሱ ግራም ቀኝም ወደ 45 ዲግሪ አካባቢ ነው የምትጠጋው። ስለዚህ የመጀመሪያ ጉዟችሁ ነፋሱን በጎን ይዞ ይሁን። ወዲያ ሂዱ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ሂዱ።

ገመዱን የምታስተካክሉት እንዲህ ነው። የሸራው የፊት ጠርዝ መርገብገብ እስኪጀምር ልቀቁት። ሲረገበገብ በጥቂቱ መልሱት። መርገብገቡ ሲቆም እዚያው ላይ ተዉት። የነፋሱ አቅጣጫ በተቀየረ ቁጥር ይህንኑ ድገሙ። ችግሩ ጀልባዋ ስትርቅ መርገብገቡ አይታይም። ያኔ ሲያጠራጥራችሁ ወደ ላላው አድሉ። የላላ ሸራ ትንሽ ፍጥነት ይቀንስባችኋል፤ የታነቀ ሸራ ያቆማችኋል።

ጀልባዋ ወደ እናንተ ስትመጣ ግራና ቀኝ ይገለበጣል። ሁሉንም ሰው ያደናግራል። መፍትሔው ትከሻችሁን ጀልባዋ ወደምትሄድበት አዙሮ መቆምና በትከሻ ላይ እያዩ መንዳት ነው። ከጊዜ በኋላ እጃችሁ ራሱ ይለምደዋል።

ወደ ነፋሱ ለመውጣት ዚግዛግ ትሠራላችሁ። አፍንጫዋን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ከማዞራችሁ በፊት ፍጥነት ይኑራት። መሪውን ቀስ አድርጋችሁ ስጡ፣ ስትዞር ወደ መሃል መልሱ። መሪውን በኃይል መምታት ፍሬን መያዝ ነው። መሃል ላይ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዛ ከቆመች ገመዱን ልቀቁላት። ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። ወደ ኋላ ስትሄድ መሪው በተቃራኒው እንደሚሠራ አትርሱ። አፍንጫዋ ከነፋሱ ከወጣ በኋላ ገመዱን ቀስ ብላችሁ ሳቡ።

ነፋሱን ከጀርባ ስትይዙ ገመዱን ሙሉ በሙሉ ልቀቁት። ትልቁ ሸራ በአንድ ጎን፣ የፊተኛው በሌላው ጎን ተከፍቶ ሲሄድ ማየት ደስ ይላል። አፍንጫዋ ውሃ ውስጥ መግባት ከጀመረ ግን ለዚያ ቀን ሸራው ትልቅ ነው። አነስ ያለ ሸራ ካላችሁ ቀይሩ፤ አይኦኤም ሦስት መጠን ያለው ሸራ የሚፈቀድላት ለዚሁ ነው። ከሌላችሁ ወደ ቤት።

ሚዛኗን እንዲህ እዩ። ወደ ነፋሱ ጠጋ ብላ ስትሄድ መሪውን መሃል ላይ ተዉት። ቀስ ብላ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ካነሳች ደህና ናት። ቶሎ ከዞረች ምሰሶውን በጥቂቱ ወደ ፊት አዘንብሉት። ከነፋሱ ከሸሸች ደግሞ ወደ ኋላ።

ጀልባዋ መሃል ላይ ብትቆም ዘላችሁ አትግቡ። ከሩቅ ቅርብ ትመስላለች፣ ውሃውም ይቀዘቅዛል። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ረጅም የዓሣ ማጥመጃ ክርና ጫፉ ላይ የታሰረ የቴኒስ ኳስ አለ። ኳሱን ከጀልባዋ አሳልፎ መወርወር፣ ክሩን ምሰሶው ላይ ማስያዝ፣ መጎተት።

ከሌላ ሰው ጋር ስትነዱ ሁለት ሕግ ይበቃችኋል። ነፋሱ በቀኝ ጎኗ የሚመታት ጀልባ ቅድሚያ አላት፤ በግራዋ የሚመታት ታሳልፋለች። ሁለቱም በአንድ ጎን ነፋስ ከያዙ፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት በኩል ያለችው ለሌላዋ ትለቃለች። ለውድድር የሚሆነው ዝርዝር በዓለም አቀፉ የሸራ ውድድር ሕግ አባሪ ኢ ላይ አለ። ለምሳሌ ትልልቆቹ ጀልባዎች በውድድሩ መዞሪያ ምልክት ዙሪያ ያለውን ክልል የሚለኩት በሦስት የጀልባ ርዝመት ነው፤ እኛ በአራት።

ስትጨርሱ ክዳኑን ከፍታችሁ ውሃ ካለ አፍስሱ። ባሕር ላይ ከነበራችሁ ጨዋማ ባልሆነ ውሃ እጠቧት፤ ጨው ሰርቮና ብሎን ይበላል። ምሰሶውን የወጠሩትን ገመዶች አላሉ፣ ድንጋዩን አውጡ፣ ክዳኑን ሳትዘጉ አሳድሯት።