አሮጌ ፒክአፕ ነዳጅ ሲበላ፦ ከድሬ ሐረር ለሚመላለስ ሰው

አሮጌ ፒክአፕ ያለው ሰው ሁለት ነገር ያንገሸግሸዋል። አንደኛው «ለምን አትሸጣትም?» የሚል ዘመድ ነው። ሁለተኛው ማደያ ነው። ዘመድን ዝም የሚያሰኝ ዘዴ እስካሁን አላገኘሁም። ስለ ማደያው ግን የማወራው አለኝ።

የኔዋ ጃፓን ሰራሽ፣ ሲንግል ጋቢና፣ ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ናት። ድሬዳዋ ታድራለች። በሳምንት ሁለት ሶስት ቀን ዕቃ ይዛ ሐረር ትወጣለች። መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ግን ምን ያደርጋል፣ ዳገት ነው። ድሬ ከባህር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። የዴንገጎን ዳገት ጨርሳችሁ ሐረማያ ስትደርሱ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። በ1895 ዓ.ም. እዚህ የደረሰው ባቡር ራሱ ይህን ተራራ ስለፈራ ነው ሐረርን ትቶ በሜዳው የሄደው። ድሬዳዋም የተቆረቆረችው በዚሁ ሰበብ ነው። ባቡር የሸሸውን ዳገት በአሮጌ ሞተር ስትወጡ ነዳጅ መሄዱ አይቀርም። መከልከል የሚቻለው ያለ ስራ የሚሄደውን ነው።

አምና የኔዋ ፍጆታ ድንገት ጨመረ። እኔም እንደማንኛውም ሰው ሞተሩን ጠረጠርኩ። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩትን አራቱንም ኖዝል ቀየርኩ። ብሩ ሄደ፣ ናፍጣውም እንደ በፊቱ መሄዱን ቀጠለ። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነበር፤ እመለስበታለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ቅደም ተከተል አበጀሁ፦ ከነጻው ወደ ርካሹ፣ ከርካሹ ወደ ውዱ። ኖዝልና ፓምፕ መጨረሻ ላይ ናቸው።

1. መጀመሪያ ለኩ

የነዳጅ ጌጁን አትመኑ። የኔዋ ዳገት ላይ ግማሽ፣ ቁልቁለት ላይ ሩብ ትላለች። የሚታመነው ከሙሉ እስከ ሙሉ መለካት ነው።

ማደያ ገብታችሁ ሙሉ አስሞሉ። ማሽኑ ራሱ ቀጭ ብሎ ሲያቆም በቃ በሉ። «ትንሽ ልጨምርልህ» የሚለውን ቀጂ አመስግናችሁ እለፉት። የኪሎ ሜትሩን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ከዚያ ቢያንስ 300 ኪሎ ሜትር እንደ ወትሮው ንዱ። ሲያልቅ ወደዚያው ማደያ፣ ከተቻለም ወደዚያው ማሽን ተመልሳችሁ እንደገና ሙሉ አስሞሉ። አሁን የገባው ሊትር የበላችው ነው። 412 ኪሎ ሜትር ሄዳ 46 ሊትር ከወሰደች፣ በሊትር 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደች ማለት ነው። ሊትሩን መጻፍ ብትረሱ እንኳ በቴሌብር የከፈላችሁት ብር ስልካችሁ ላይ አለ፤ ለዕለቱ የሊትር ዋጋ አካፍሉት።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከሞተ (በአሮጌ መኪና ሽቦው ይበጠሳል) የስልክ ካርታ ይበቃል። ትልቅ ጎማ ያስገባችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። ባለ 205 የነበረውን 16 ኢንች ጎማ አውጥታችሁ 265 በ70 ካደረጋችሁት ዙሩ ወደ 5 በመቶ ይጨምራል። ቆጣሪው 400 ሲል እናንተ 420 ገደማ ሄዳችኋል። «ጎማ ከቀየርኩ ወዲህ ትበላለች» ከሚሉት ሰዎች ግማሾቹ የሚያማርሩት በቆጣሪያቸው ይመስለኛል።

«ጠዋት በብርድ ስትቀዳ ብዙ ይገባል» የሚለውን ወሬ እኔም ለዓመታት አምኜ በሌሊት ተሰልፌያለሁ። የማደያው ታንክ ግን መሬት ስር ነው። የናፍጣው ሙቀት ጠዋትና ማታ ብዙም አይለያይም። እንቅልፋችሁን ተኙ።

2. ከስር እዩ

ማታ ስታቆሙ ከሞተሩ ስር ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ጠብታ ካለ ከየት እንደመጣ ተከታተሉ። በናፍጣ ሞተር ላይ ከኖዝሎቹ የተረፈውን ነዳጅ ወደ ታንክ የሚመልሱ ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች አሉ። ሙቀት ያደርቃቸዋል፣ ከዚያ ይሰነጠቃሉ። የድሬን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ኮፈኑን ከፍታችሁ በጣታችሁ እጠፍ አድርጓቸው። ከተሰነጠቁ ቀይሯቸው፣ ርካሽ ናቸው።

3. እግሯን ፈትሹ

እዚህ ጋ ረጋ በሉ። የኔም ብር ያለቀው ይህን ዘልዬ ነው።

ከጎማ ንፋስ እንጀምር። ትክክለኛው ልክ በአብዛኛው በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል። ወረቀቱ ከተላጠ የመኪናውን መመሪያ ፈልጉ። በባዶና በጭነት ልኩ የተለያየ ነው፤ በተለይ የኋላዎቹ። የሚለካው ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ ነው። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ንፋሱ ወደ 2 ፒ.ኤስ.አይ. (የንፋስ መለኪያው ላይ ያለው ቁጥር) ይጨምራል። ቀትር ላይ ድሬ ታይዋን ገበያ ደርሳችሁ ስትመለሱ ብትለኩት የበዛ ይመስላችኋል። አስቀንሳችሁ ትሄዳላችሁ፣ በማግስቱ ሐረር ብርድ ላይ ጎማው ልፍስፍስ ይላል። የአራቱም ጎማ ንፋስ በ10 ፒ.ኤስ.አይ. ከወረደ ፍጆታው ወደ 2 በመቶ ይጨምራል። ጎማውም ቶሎ ያልቃል።

ቀጥሎ ፍሬን ነው። ኖዝሉን ቀይሬ ምንም ለውጥ ሳጣ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ሄድኩ። ኮፈኑን ልከፍት ስል በእጁ ከለከለኝ።

«ሜዳ ላይ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነድተህ ና» አለኝ። «ፍሬን እንዳትይዝ። ስትደርስ ራሷ ትቁም።»

እንዳለኝ አደረግኩ። ስመለስ «ውሃ አለህ?» አለኝ። ጋቢና ውስጥ የነበረችውን ሃይላንድ ሰጠሁት። ጎንበስ ብሎ በቸርኬው ቀዳዳ በኩል ጠብ ጠብ አደረገ። የፊት ግራው ዝም። የፊት ቀኙ ዝም። የኋላ ግራው ዝም። የኋላ ቀኙ ላይ ሲደርስ «ጭስስ» አለ። ውሃው መሬት ሳይደርስ ተነነ።

«አቦ፣ ሞተሩ ምን በድሎህ ነው?» አለኝ።

የእጅ ፍሬኑ ሽቦ ዝጎ ተጣብቆ ኖሯል። የፍሬን ሸራው ከታምቡሩ አልለቀቀም። ስንት ወር ፍሬን ይዤ ዴንገጎን እንደወጣሁ እግዜር ይወቀው። ሽቦው ተቀየረ፣ ታምቡሩ ተጸዳ። በሊትር 7 ወርዳ የነበረችው ወደ 9 ተመለሰች። አሮጌዎቹ ኖዝሎች እስካሁን መሳቢያ ውስጥ አሉ፣ ሳያቸው እበሽቃለሁ።

ይህን ሙከራ እናንተም ቤት ማድረግ ትችላላችሁ። ውሃ ብቻ ይሁን፣ እጃችሁን አትስደዱ፤ ያቃጥላል። አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ወይ ፍሬን ይዟል፣ ወይ ኩሽኔታው እያለቀ ነው። በክሪክ አንስታችሁ በእጅ አሽከርክሩት። ነጻ የሆነ ጎማ ጥቂት ይዞራል። የያዘ ጎማ እጃችሁን ስትለቁ ቀጥ ይላል።

መኪናችሁ በአራቱም እግር የምትስብ ከሆነች አንድ ነገር ጨምሩ። በብዙ አሮጌ ፒክአፖች የፊት ጎማ መሃል ላይ በእጅ የምትዞር ማዞሪያ አለች። አንዱ በኩል «ሎክ»፣ ሌላው «ፍሪ» ይላል። ዝናብ የጣለ ቀን ጭቃ ውስጥ «ሎክ» ተደርጋ እዚያው የምትረሳ ብዙ ናት። እንዲህ ሲሆን የፊት ዲፈረንሺያል አስፋልት ላይ በከንቱ ይሽከረከራል። ወርዳችሁ እዩ።

4. ትንፋሿን አዳምጡ

የአየር ፊልትሮውን አውጡና ወደ ፀሐይ ያዙት። ብርሃን ካላሳለፈ አየርም አያሳልፍም። በኮምፕሬሰር ስታስነፉት ከውስጥ ወደ ውጭ ይሁን፣ ግፊቱም ለስለስ ያለ። ከውጭ ከነፋችሁት አቧራውን ወረቀቱ ውስጥ ትሰኩታላችሁ። አቧራው በሚበዛበት በመልካ ጀብዱና ሽንሌ በኩል የምትሰሩ ደግሞ መመሪያው የሚለውን ኪሎ ሜትር አትጠብቁ።

ጭሱም ያወራል። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ካያችሁ፣ ነዳጁ በዝቷል ወይ አየሩ አንሷል። ጥቁሩ ያልነደደ ናፍጣ ነው፤ ብራችሁ ነው ከኋላችሁ የሚበነው። ሰማያዊ ከሆነ የሞተር ዘይት እየነደደ ነው።

ፊልትሮው ንጹህ ሆኖ ጥቁር ጭስ ካልቆመ፣ ያኔ ፓምፕና ኖዝል የሚሰሩ ባለሙያዎች ጋ ሂዱ። ኖዝሉን በመሞከሪያ ማሽን ላይ አስፈትሹት። እንደ ጉም ከረጨ ደህና ነው። ካንጠባጠበ ጊዜው አልፏል። አንድ ነገር ግን እንዳታደርጉ። «ዳገት እምቢ አለች» ሲባል የፓምፑን ብሎን አዙሮ ነዳጅ የሚጨምር መካኒክ አለ። ለሁለት ቀን ጉልበት ያገኘች ይመስላችኋል። ከዚያ ዴንገጎ ላይ ከኋላችሁ የሚመጣው ሰው መስኮቱን ይዘጋል።

ቤንዚን የምትጠቀሙና ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ያላችሁ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። ከባህር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አየሩ ድሬ ላይ በ10 በመቶ ያህል፣ ሐረር ላይ ከ15 በመቶ በላይ የሳሳ ነው። ድሬ ላይ ልክ የነበረ ካርቡራቶር ሐረር ላይ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላውን ፍቱት፤ ጥላሸት ከለበሰ ይኸው ነው። ስለዚህ መኪናዋ የምትውለው ሐረር ከሆነ ሐረር ላይ አስተካክሉት። እነዚያ ሐረር ላይ እስካሁን የሚዞሩ ፔጆ 404ዎች የሚያዋጣቸው በዚህ ነው መሰለኝ፤ ካርቡራቶራቸውን የነካው የሰፈሩ ሰው ነው።

5. ቴርሞስታቱን መልሱት

ድሬ ላይ የተለመደ ምክር አለ፦ «ሙቀት አገር ነው፣ ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው።» አትስሙ። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚያግድ በር ነው፤ እሱ የሌለው ሞተር ቶሎ አይሞቅም። በተለይ ሐረር ጠዋት፣ ወይም ባዶዋን ቁልቁለት ስትወርድ ከልኩ በታች ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ ሞተር ነዳጅ በደንብ አያነድም፣ ዘይቱም ወፍራም እንደሆነ ይቆያል። የሙቀት ጌጁ ግማሽ አካባቢ መድረስ ሲገባው ታች የሚቀር ከሆነ ጠርጥሩ። ሞተሩ የምር የሚግል ከሆነ ደግሞ መታየት ያለበት ራዲያተሩ፣ የውሃ ፓምፑና ቬንትሌተሩ ነው።

6. ካሶኒውን አራግፉ

ከኋላ የተቀመጠውን እዩ። ያለፈው ዓመት ሲሚንቶ ቁራጭ፣ ሁለተኛ ክሪክ፣ ለማን እንደሆነ የተረሳ ብረት። አስልቼዋለሁ፦ 100 ኪሎ ትርፍ ዕቃ ከድሬ ሐረማያ ለመውጣት ብቻ አንድ የቡና ስኒ የሚሞላ ናፍጣ ይጠይቃል። አንድ ቀን ምንም አይደለም። በሳምንት ሶስቴ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲሆን ግን ከ12 ሊትር ያልፋል።

7. እግራችሁን ቅጡ

ዳገት ላይ ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ 4ኛ ማርሽ ላይ አትሙቱ። አንድ ማርሽ አውርዱ። አብዛኛው አሮጌ ናፍጣ ከ2000 እስከ 2500 ዙር ባለው ውስጥ ተመችቶት ይስባል። ዙር የሚቆጥር ጌጅ ከሌላችሁ ጆሯችሁ ይበቃል፤ ማጉረምረም ሳይሆን ማዜም አለበት። ነዳጅ መርገጫውን እስከ ወለሉ መርገጥም ጥቅም የለውም። ከተወሰነ ቦታ በኋላ የሚጨምረው ጭሱ ብቻ ነው። ከኋላ የጫት መኪና ጥሩንባውን ቢያንባርቅ ጥጋችሁን ይዛችሁ አሳልፉት። ከእሱ ጋር የሚሮጥ ፒክአፕ የለም።

አወዳይ ላይ ጫት እስኪመረጥ ሞተሩን አጥፉት። ቆሞ የሚሰራ የዚህ ዓይነት ሞተር በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ገደማ ይጠጣል። የአንዳንዱ ሰው አመራረጥ ደግሞ ሰዓት ይፈጃል።

የመጨረሻው የዴንገጎ ቁልቁለት ነው። ማርሽ አውጥቶ በፍሪ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል ብሎ የሚያምን ብዙ ሾፌር አለ። በናፍጣ ሞተር ነገሩ ተቃራኒ ነው። ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ፓምፑ ነዳጁን ይቆርጠዋል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። በፍሪ ስትወርዱ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ በሚኒሞ መጠጣቱን ይቀጥላል። ፍሬኑም ብቻውን ይቀራል፣ ይግላል፣ ከዚያ እምቢ ይላል። ሞተር አጥፍቶ የሚወርድማ አለ፤ ፍሬኑ ድንጋይ ሆኖበት፣ መሪው ሊቆለፍበት።

አናቱ ላይ ሳላችሁ፣ መውረድ ከመጀመራችሁ በፊት፣ በወጣችሁበት ማርሽ ወይም አንድ ዝቅ ባለው ግቡና እግራችሁን አንሱ። ፍሬን ለመታጠፊያው ብቻ፣ አጭር አጭር። ታች ሜዳው ላይ ስትደርሱ ዳር ይዛችሁ ቁሙና ሃይላንዷን አውጡ። የፊቶቹ ሁለቱ እኩል ሞቅ ቢሉ አያስደንቅም። አንዱ ብቻ ተለይቶ «ጭስስ» ካለ ግን ነገ ጠዋት ጋራዥ ናችሁ።