ጎራዴው ከአፎቱ አልወጣ ሲል

አቧራ መጥረግና ዘይት መቀባት ማንም ያውቀዋል። እዚያ ላይ አልቆይም። ጎንደር ውስጥ ደጋግሞ እጄ የሚገባው ችግር ሌላ ነው።

ምልክቱ፦ ጎራዴው አይመዘዝም።

የአያት ጎራዴ ክረምቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይከርማል። የሚታወሰው ጥር 11 ሲቃረብ ነው። ያኔ ሲጎትቱት ወይ ፍንክች! ጥፋቱ የአፎቱ ነው። ቆዳ የሐምሌና የነሐሴን እርጥበት ይመጥና ብረቱ ላይ ይዞ ይቆያል። ቆዳው ሲለፋ የገባበት ጨውና አሲድም አለ። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ያብጥና ስለቱን ከአፎቱ ጋር ያጣብቀዋል።

የአፎቱን አፍ ወደ ላይ አድርጋችሁ ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት አንጠባጥቡበት። ደረቅ ክፍል ውስጥ ይደር። ፀሐይ ላይ አይሰጣ፤ ምድጃ አጠገብም አይቁም። ቆዳው ይኮማተርና ይብስበታል። በነጋታው አፎቱን በእንጨት መታ መታ አድርጉና ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። አትጠምዝዙ። እምቢ ካለ ዘይት ጨምሩና አንድ ቀን ታገሱ። አፎቱን በስለታሙ ጠርዝ በኩል ጨብጣችሁ ግን ፈጽሞ አትሳቡ! ስፌቱ አርጅቷል፤ ስለቱ ቀዶት መዳፍ ይገባል። አንድ አባት ልጃቸው በፒንሳ ታግሎ የነቀለውን እጀታ በፌስታል፣ የቀረውን በማዳበሪያ ጠቅልለው አምጥተውልኛል።

ሲወጣ በነጭ ጨርቅ እሹት። ጨርቁ ብርቱካንማ ከሆነ ዝገቱ አሁንም እየበላ ነው። ዘይት ቀቡና በቀንድ ቁራጭ ጠርዝ ፋቁት፤ ቀንድ ከብረት ስለሚለሰልስ አይጭርም። ስስ ሆኖ የተኛውን ጥቁሩን ተዉት። እሱ ብረቱን አይጎዳም፣ ዕድሜውንም ይናገራል።

ብርጭቆ ወረቀት፣ ግራይንደር፣ ሎሚ አይሞከርም። የብዙ ጎራዴዎች ስለት ከጀርመን፣ ከሶሊንገን የመጣ ነው። ስለቱ ላይ ያለው የአንበሳ ምስልና ጽሑፍ የተቀረጸው ስስ ሆኖ ነው። አንዱ ጎረምሳ ጋራዥ ወስዶ እንደ መስታወት አስወልውሎ አመጣልኝ። ያበራል። አንበሳው ግን የለም። ምን ልበለው?

ዘይትም ዘይት ነው ብላችሁ የወጥ ቤቱን አታንሱ። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው ይደርቅና ይጣበቃል። ቅቤ ውስጥ ውሃ አለ፤ ሲቆይ ደግሞ አሲድ ይሆናል። በቆርቆሮ የሚሸጠው የሚረጭ ደብልዩ ዲ 40 ውሃ ያባርራል እንጂ ክረምት አያሻግርም። የማሽን ዘይት በስሱ፣ ወይም ሰም።

ደግሞም ጎራዴውን አፎቱ ውስጥ አታክርሙት! በንጹህ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከአፎቱ ጎን አስቀምጡት።

የጣት ቅርጽ ያለው ዝገት የላብ ጨው ነው፤ በነካችሁት ቁጥር ጥረጉት። የቀንድ እጀታ ብል ከበላው ከሌላው ዕቃ ለዩት። እጀታው ከተወዛወዘ ለባለሙያ ስጡ። ሱፐር ግሉ የፈሰሰበትን እኔ አልቀበልም።